ከጋማው ሥር ያለው ቁጥር

ሐምቡርግ ውስጥ ሐበሻ ሠርግ ላይ ሥራሽ ምንድን ነው ስባል «የፈረስ ፓስፖርት አስተካክላለሁ» ማለት ከጀመርኩ ወዲህ፣ የሚከተለውን ቀልድ በቃሌ ይዤዋለሁ። «እኛ ለወረቀት ስንት ዓመት ስንንከራተት፣ ፈረሱ ገና ጥርስ ሳያበቅል ፓስፖርት ያወጣል?» ይላል አንዱ። ጠረጴዛው በሙሉ ይስቃል። እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ ምን ላድርግ።

የፈረስ ፓስፖርት ግን ከስሙ በቀር ከእኛው ጋር ብዙም አይገናኝም። ድንበር ለመሻገር ያስፈልጋል፣ እውነት ነው። ነገር ግን ከተወለደበት ግቢ ወጥቶ የማያውቅ፣ ዕድሜውን ሙሉ አንድ መስክ ላይ ሣር ሲግጥ የኖረ ሽማግሌ ፈረስም በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ፓስፖርት ሊኖረው ግዴታ ነው። አህያም፣ በቅሎም እንደዚሁ። ደብተሩ በአንድ በኩል የልደት ምስክር ወረቀት፣ በሌላ በኩል የክትባት መዝገብ ነው። ከመሀሉ ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀው ገጽ አለ፦ ይህ እንስሳ ታርዶ ሊበላ ይችላል ወይስ አይችልም የሚለው።

እኔ ይህን ደብተር በማገላበጥ እንጀራዬን የምበላው በሰሜን ጀርመን፣ ከፌርደን ብዙ በማይርቅ አንድ የፈረስ ርቢ ግቢ ነው። ፌርደን ትንሽ ከተማ ናት፤ በፈረስ ሰዎች ዘንድ ግን የማያውቃት የለም። የሃኖፈር ፈረስ አርቢዎች ማኅበር መቀመጫው እዚያ ነው፣ ጨረታውም የሚካሄደው እዚያው ነው። የመጣሁት ከአዊ፣ እንጅባራ አጠገብ ካለ ሰፈር ነው። በመጀመሪያ ጋጣ ጠራጊ ነበርኩ። ከዚያ ጀርመንኛዬ ሲሻሻልና አለቃዬ ወረቀት መጥላቷን ስታምን ቢሮ ገባሁ።

የዓመቱ ትልቁ ሥራ ሐምሌ አካባቢ ይመጣል። ውርንጭላዎቹ ገና ጡት ሳይጥሉ የማኅበሩ ሠራተኛ መሣሪያውን ይዞ ግቢያችን ይደርሳል። ጡት ሳይጥሉ መሆኑ ያለ ምክንያት አይደለም። ውርንጭላ የማን ልጅ እንደሆነ በዐይን የሚታወቀው እናቱን እየጠባ ሲገኝ ነው። ከተለያዩ በኋላ ደርዘን ዳማ ውርንጭላ አንድ መስክ ላይ ለቅቃችሁ የቷ የየትኛዋ ባዝራ ናት ብትሉኝ፣ እኔ ቀርቶ አለቃዬም አትምልላችሁም።

ሠራተኛው በመጀመሪያ ቺፑን ያስገባል። ርዝመቱ 12 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከሩዝ ፍሬ ትንሽ ይበልጣል። በመስታወት የተሸፈነ ነው። በወፍራም መርፌ አንገቱ ላይ በግራ በኩል፣ ከጋማው ሥር፣ ከጆሮው ግንድና ከትከሻው እኩል በሚርቅ ቦታ ጅማቱ ውስጥ ይቀመጣል። ቦታው በመላው አውሮፓ አንድ ነው፣ ምክንያቱም የሚፈልገው ሰው የት እንደሚፈልግ ማወቅ አለበት። ባትሪ የለውም። ማንበቢያው ቀረብ ብሎ በ134.2 ኪሎኸርዝ ሞገድ ሲቀሰቅሰው ብቻ 15 አኃዞች ይመልሳል፣ ከዚያ ዝም ይላል። ብዙ ሰው ጂፒኤስ ይመስለዋል። አይደለም። ፈረስ ቢሰረቅ ቺፑ ወዴት እንደተወሰደ አይነግራችሁም። ፖሊስ መንገድ ላይ አንድ ተጎታች መኪና አስቁሞ ውስጡ ያለው ፈረስ የትኛው እንደሆነ ሲጠይቅ ግን መልሱ ከቺፑ ይገኛል።

ቀጥሎ ከጋማው ላይ ጥቂት ጠጉር ከነሥሩ ተነቅሎ በትንሽ ፖስታ ይታሸጋል። ከጠጉሩ ሥር የሚወጣው ዲኤንኤ ከአባቱና ከእናቱ ጋር ይነጻጸራል። አንድ ድንጉላ በዓመት በሰው ሠራሽ ዘዴ ብዙ ባዝራዎችን በሚያስረግዝበት ዘመን፣ የዘር ፈሳሹ በመኪና ከአገር አገር በሚዞርበት ዘመን፣ «አባቱ እገሌ ነው» የሚለውን በአፍ ብቻ የሚያምን ገዢ የለም።

ከሁሉ የምወደው ግን ሥዕሉን ነው። ቅጹ ላይ ባዶ የፈረስ ንድፍ አለ፦ ከግራ፣ ከቀኝ፣ ፊቱ ከፊት ለፊት፣ እግሮቹ ከፊትና ከኋላ። ሠራተኛው ውርንጭላውን እየዞረ ያየውን ሁሉ እዚያ ላይ ያሰፍራል። ግንባሩ ላይ ቦቃ ካለው ቅርጹ ልክ እንዳለ ይሳላል፣ ክብ ከሆነ ክብ፣ ወደ ቀኝ ካዘመመ ወደ ቀኝ አዝምሞ። ነጩ በቀይ ቀለም ይሞላል። የጠጉሩ አዙሪት ያለበት ቦታ በጥቁር የመስቀል ምልክት ይጠቆማል። እግሩ ነጭ ከሆነ ነጩ እስከ የት ነው? ሰኮናው አፋፍ ብቻ ነው ወይስ እስከ ቁርጭምጭሚቱ? አንዳንዱ ፈረስ ከላይ እስከ ታች ዳማ ነው፤ አንዲት ነጭ ጠጉር የለበትም። ያኔ አዙሪቶቹ ዋጋ ያገኛሉ፤ ሠራተኛው አንገቱን፣ ግንባሩን፣ ጎኑን በጣቱ እየዳበሰ ይፈልጋቸዋል። ሁለት ፈረስ በአንድ ዓይነት ቦታ አንድ ዓይነት አዙሪት ሁሉ ይኖራቸዋል ማለት ከባድ ነው።

ቺፕ ካለ ሥዕሉ ምን ያደርጋል የሚል ይኖራል። ቺፕ ይበላሻል፣ አልፎ አልፎም ከቦታው ይንሸራተታል፣ ክፉ ሰው ደግሞ ሌላ ቺፕ ይጨምራል። ሥዕሉ ከቺፑ ጋር ሲጋጭ ነው ማጭበርበር የሚታየው። ሥዕሉም ቢሆን የራሱ ድካም አለበት። አምባላይ ፈረስ አምባላይ ሆኖ አይወለድም። ጥቁር ወይም ዳማ ሆኖ ተወልዶ በየዓመቱ እየነጣ ይሄዳል። በስምንት ዓመቱ ያ በቀይ የተሞላ ቦቃ በነጭ ባሕር ውስጥ ጠፍቷል። ፓስፖርቱ ላይ ያለው ፈረስና ፊታችሁ የቆመው ፈረስ ያኔ በዐይን አይገናኙም፣ የሚያገናኛቸው ቺፑ ነው።

የሃኖፈር ፈረስ ግራ ታፋው ላይ ኤች ፊደል የሚመስል የብረት ማርክ የሚታይበት አለ። ትራኬነር የሚባለው ሌላው ዝርያ ደግሞ ማርኩ የአጋዘን ቀንድ ነው። ያ ማርክ ዋናው ነገሩ ዝርያውን መናገሩ ነው። ጀርመን ውስጥ ከ2019 ወዲህ ሳያደነዝዙ ማተኮስ ክልክል ነው፣ እሰየው።

ወደ ቁጥሩ ልምጣ። በፓስፖርቱ የመጀመሪያ ገጾች ላይ 15 ቦታ ያለው አንድ ቁጥር አለ፤ ዓለም አቀፍ የፈረስ የዕድሜ ልክ ቁጥር ይባላል። የመጀመሪያዎቹ ሦስት አኃዞች ቁጥሩ የወጣበት አገር ናቸው። 276 ጀርመን ነው፣ 250 ፈረንሳይ፣ 528 ኔዘርላንድስ፣ 372 አየርላንድ፣ 826 ብሪታንያ። ቀጣዮቹ ሦስት ፈረሱን የመዘገበው መዝገብ ናቸው። ጀርመን ውስጥ 431 ሲሆን ሃኖፈር ነው፣ 409 ትራኬነር፣ 421 ሆልሽታይን፣ 433 ኦልደንቡርግ። የቀሩት ዘጠኙ የዚያ የአንዱ ፈረስ ብቻ ናቸው። በጀርመን አሠራር የመጨረሻዎቹ ሁለቱ የልደት ዓመቱን ያሳያሉ፤ በ19 የሚያልቅ ፈረስ በ2019 ተወልዷል። አንድ ነጋዴ «ገና ሰባት ዓመቱ ነው» እያለ ሲያወድስ፣ ቁጥሩን አይቶ አሥራ አንድ መሆኑን በትሕትና መንገር ከዚህ ሥራ ደስታዎች አንዱ ነው።

ይህ ቁጥር አይለወጥም። ፈረሱ ብራዚል ቢሸጥ፣ ስሙ ቢቀየር፣ ቺፑ ተበላሽቶ ሌላ ቢገባለት፣ ቁጥሩ ያው ነው። ስሙማ የነፋስ ነው። የሃኖፈር ውርንጭላ ስሙ በአባቱ ስም የመጀመሪያ ፊደል ይጀምራል፤ ትራኬነሮች ደግሞ የእናቱን ፊደል ይወስዳሉ። ስለዚህ አንድ የታወቀ ድንጉላ ብዙ ልጆች ባፈራበት ዓመት መስኩ በአንድ ፊደል በሚጀምሩ ስሞች ይሞላል፣ ማን ማን እንደሆነ ቁጥሩ ካልተነበበ አይለይም።

እዚህ ላይ የሁሉም ሰው እግር የሚደናቀፍበት ድንጋይ አለ። የቺፑም ቁጥር 15 አኃዝ ነው። የጀርመን ቺፕም በ276 ይጀምራል፣ ከዚያ 02 ይከተላል። ሁለቱ ቁጥሮች በአንድ ገጽ ላይ ይቀመጡና፣ የሽያጭ ቅጽ የሚሞላ ሰው አንዱን በሌላው ቦታ ይጽፋል። እኔ የማደርገው ቀላል ነው፦ ከ276 በኋላ ያሉትን አያለሁ። 02 ከሆነ ከአንገቱ የተነበበ ነው፤ 431ን የመሰለ የመዝገብ ቁጥር ከሆነ የዕድሜ ልኩ ነው። ለጉምሩክ የሚሄድ ወረቀት ላይ ይህ ከተቀላቀለ ጭነቱ በሙሉ ይቆማል።

ይህ ሁሉ ጠጉር ስንጠቃ ለምን እንዳስፈለገ የሚረዳ፣ የፈረስ ማጭበርበር ታሪክን የሰማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1844 በእንግሊዝ ኤፕሰም የሚካሄደውን የደርቢ ሩጫ ረኒንግ ሬይን የተባለ ፈረስ አሸነፈ። ደርቢ የሦስት ዓመት ፈረሶች ብቻ የሚሮጡበት ነው። አሸናፊው ግን ማካቤዎስ የሚባል የአራት ዓመት ፈረስ ነበር፤ በሌላ ስም ገብቶ ነው። በዚያ ዕድሜ አንድ ዓመት ብዙ ነው። ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ። ዳኛው ምስክር ሲሰሙ ቆይተው ፈረሱ ራሱ ይቅረብልኝ አሉ፣ ጥርሱ ታይቶ ዕድሜው ይለያልና። ፈረሱ ሊቀርብ አልቻለም። ክሱም እዚያው አበቃ፣ ሽልማቱ ሁለተኛ ለወጣው ለኦርላንዶ ተሰጠ። እንግሊዞች የዘር መዝገባቸውን ማተም ከጀመሩ ያኔ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፏቸው ነበር። መጽሐፉ የማን ልጅ እንደሆነ ይናገራል፣ እዚህ የቆመው ያ መሆኑን ግን አይናገርም።

አውስትራሊያውያን ደግሞ በ1984 ብሪስበን ላይ ያደረጉት ይብሳል። ፋይን ኮተን የሚባል ደካማ ፈረስ ይሮጣል ተብሎ በቦታው ቦልድ ፐርሰናሊቲ የሚባል የተሻለ ፈረስ ገባ። ቀለማቸው አይገናኝም ነበርና አጭበርባሪዎቹ የሰው ጠጉር ማቅለሚያ ቀቡት። የእግሩን ነጭ ለማስመሰል ደግሞ ተራ ነጭ ቀለም ተጠቀሙ። ፈረሱ በትንሽ ልዩነት አሸነፈ፤ ሕዝቡ ግን ቀለሙ ሲወርድ አይቶ ገና ውጤቱ ሳይጸድቅ ተቀይሯል እያለ መጮህ ጀመረ። ሥዕሉ ላይ ለምን አዙሪት እንደሚፈለግ አሁን ይገባችኋል ብዬ አምናለሁ። ነጭ ይቀባል። አዙሪት አይቀባም።

አሜሪካኖች ለብዙ አሥርት ዓመታት የሩጫ ፈረሶቻቸውን የላይኛ ከንፈር ገልብጠው ከውስጥ በኩል ፊደልና ቁጥር ሲነቅሱ ኖረዋል። ፊደሉ የልደት ዓመቱ ነበር። ከ2017 ጀምሮ ለተወለዱት ግን እነሱም ቺፕን ግዴታ አድርገዋል። ንቅሳት ከዓመታት በኋላ ይደበዝዛል፣ ደግሞም ንቁ ፈረስ ከንፈሩን ለማንም አይሰጥም።

አሁን ይበላል ወይስ አይበላም ወደሚለው ገጽ ልመለስ። እኛ ፈረስ መብላት ቀርቶ ማሰቡም ይቀፈናል። እዚህ ግን የፈረስ ሥጋ የሚሸጥ ልኳንዳ አለ፣ በፈረንሳይ፣ በቤልጅግና በጣሊያንም እንዲሁ። ስለዚህ ሕጉ እያንዳንዱን ፈረስ ሲመዘግብ አንድ ነገር ይጠይቃል፦ ለምግብ ይሆናል ወይስ አይሆንም? ባለቤቱ «አይሆንም» ብሎ ከፈረመ፣ ያ ፊርማ እስከ ዕለተ ሞቱ አይሻርም። የሚቀጥለው ባለቤት ሊለውጠው አይችልም፣ የሐኪምም ማኅተም አይለውጠውም። ፈረሱ ሲሞት ባለቤቱ ከፍሎ ሬሳውን ያስነሳል እንጂ ለልኳንዳ አይሸጥም።

ሰው ይህን ምርጫ በቀላሉ የሚወስነው ይመስላችኋል? አንድ ማታ ግቢያችን ውስጥ አንዲት ባዝራ ሰኮናዋ ውስጥ ተቆጥቶ መርገጥ አቃታት። ሐኪሙ ደረሰና ከመርፌው በፊት የጠየቀው ፓስፖርቱን ነበር። ባለቤቷ ሽማግሌ ገበሬ ናቸው፤ ፓስፖርቷ ለምግብ ክፍት ነበር። ሐኪሙ የሚፈልገው ማስታገሻ ፌኒልቡታዞን ነው፤ ፈረሰኞች «ቡታ» ይሉታል። ርካሽና የታወቀ መድኃኒት ነው፣ ለፈረስ ሕመም ይሠራል። በሰው ላይ ግን አልፎ አልፎ የደም መሥሪያውን የአጥንት መቅኔ የሚጎዳ ሆኖ ስለተገኘ፣ ለምግብ በሚውል እንስሳ ላይ አይፈቀድም። አንድ ጊዜ ከተሰጣት ለዘላለም ከምግብ ሰንሰለት ትወጣለች። ሌሎች ለፈረስ እጅግ አስፈላጊ የተባሉ መድኃኒቶች አሉ፣ እነሱ ከተሰጡ ስድስት ወር ካለፈ በኋላ ፈረሱ ሊታረድ ይችላል፤ ቡታ ግን ከነዚያ አይደለም። ሽማግሌው ቆባቸውን አውልቀው ዝም አሉ። የገበሬ ልጅ ናቸውና ከብት ዋጋው ምን እንደሆነ ያውቃሉ። ደግሞ ባዝራዋ እግሯን ከመሬት አንስታ ትንቀጠቀጣለች። ፈረሙ። እኔም ያንን ገጽ ሞልቼ በማግሥቱ ወደ መረጃ ቋቱ አስገባሁት፤ ወረቀት ላይ ብቻ ያለ ነገር ወረቀቱ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋልና።

ያ ገጽ ብዙ ዓመት ማንም ትኩር ብሎ አላየውም ነበር። እ.ኤ.አ. ጥር 15 ቀን 2013 የአየርላንድ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን የበሬ ተብለው የተሸጡ በርገሮችን መርምሮ ውጤቱን ይፋ አደረገ። ከ27ቱ በ10ሩ ውስጥ የፈረስ ዲኤንኤ ተገኘ፤ በአንዱ ውስጥ ሥጋው 29 በመቶ የፈረስ ነበር። በቀጣዩ ወር የበሬ ላዛኛ ተብሎ የሚሸጥ ምግብ ውስጥ ከሥጋው እስከ ሙሉው ድረስ ፈረስ የሆነ ተገኘ። አውሮፓ ተናወጠ። አብዛኛው ሰው የተናደደው ስለ መታለሉ ነው። ባለሙያዎቹን ያስጨነቀው ግን ሌላ ጥያቄ ነበር፦ እነዚህ ፈረሶች የማን ፈረሶች ነበሩ፣ ምንስ መድኃኒት ወስደዋል? ብሪታንያ በዚያው ሰሞን 206 የታረዱ ፈረሶችን መርምራ በ8ቱ ውስጥ ቡታ አገኘች። የተገኘው መጠን አነስተኛ ነው፣ ለበላተኛ ያለው አደጋም ዝቅተኛ ነው ተባለ። ይሁንና ደብተሩ አልሠራም ማለት ነው። ፓስፖርት ተጭበርብሯል፣ ወይም አንዱ ፈረስ ሁለት ፓስፖርት ነበረው፤ አንዱ ላይ «አይበላም»፣ ሌላው ላይ ባዶ።

ከዚያ በኋላ ሕጉ ጠበቀ። በ2016 ሥራ ላይ የዋለው ደንብ እያንዳንዱ የኅብረቱ አባል አገር ማዕከላዊ የፈረስ መረጃ ቋት እንዲኖረው አስገደደ። ፓስፖርት ጠፍቶ ምትክ ሲወጣ ፈረሱ በአብዛኛው ከምግብ ይወጣል፤ «ጠፋብኝ» ብሎ ንጹሕ ገጽ ማግኘት ቀረ። ቺፑም ሲታረድ እንዳይሰረቅና ሌላ ፈረስ ላይ እንዳይገባ መጥፋት አለበት። ግን ሌባ ሁልጊዜ ከሕግ ቀድሞ ይነሳል። በ2017 የስፔን ፖሊስ ከዩሮፖል ጋር ባደረገው ዘመቻ ለምግብ የማይሆኑ ፈረሶችን የማንነት ሰነድና ቺፕ እያጭበረበሩ ለእርድ ሲሸጡ ነበሩ የተባሉ 65 ሰዎች ተይዘዋል። ቁጥሩ ፈረሱ ላይ መኖሩ ብቻ አይበቃም። አንድ ሰው መሣሪያውን አንስቶ አንገቱን ማንበብና ቋቱን መክፈት አለበት።

ሌላው ሰው የሚሳሳትበት ነገር ባለቤትነት ነው። ፓስፖርቱ የፈረሱ ነው፣ ከፈረሱ ጋር ይሄዳል፤ መኪና ላይ ሲጫን አብሮት መሆን አለበት። የያዘው ሰው ባለቤት ነው ማለት አይደለም። ጀርመን ውስጥ ለተመዘገበ ፈረስ የባለቤትነት ሰነድ ለብቻው ይወጣል፣ እሱን ባለቤቱ ቤቱ ያስቀምጣል። ሁለቱን በአንድ መሳቢያ የሚያኖር ሰው ቤቱንና ቁልፉን አብሮ ለሌባ እንዳስረከበ እቆጥረዋለሁ። ባልና ሚስት ሲፋቱ አንደኛው ፓስፖርቱን ይዞ «ፈረሱ የእኔ ነው» ሲል ሰምቻለሁ። ወረቀቱን አይቼ የምለው ሁሌም አንድ ነው፦ ይሄ ማን እንደሆነ ይናገራል፣ የማን እንደሆነ ዳኛ ይናገር።

ይህን ሁሉ እንጅባራ ላለው ታላቅ ወንድሜ በስልክ ሳጫውተው አልተደነቀም። «እና ምን አዲስ ነገር አለው?» አለኝ። በየዓመቱ ጥር 23 የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓሉን ሲያከብር ከሚጋልቡት አንዱ እሱ ነው። የአንድ ጎረቤት ፈረስ ጠፍቶ ሽማግሌ ፊት ሲቀርብ እንዲህ ብሎ ነበር የመሰከረው፦ ግንባሯ ቦቃ፣ ቦቃው ወደ ግራ ዐይኗ ያዘነበለ፤ ቀኝ የኋላ እግሯ እስከ ቁርጭምጭሚት ነጭ፤ ከጋማዋ ሥር ሁለት አዙሪት፣ አንዱ ከፍ አንዱ ዝቅ ያለ። የእኛ ግቢ ሠራተኛ በቀይና በጥቁር ብዕር የሚሞላውን ቅጽ ያለ ብዕር ሞላው ማለት ነው።

እንዲያውም እኛ ዘንድ ነገሩ ወዲያ ተገልብጦ ነበር የሚሠራው። መኳንንቱ በፈረሳቸው ስም ነበር የሚጠሩት። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ አሉላ አባ ነጋ። ሰውን በፈረሱ የሚያውቅ አገር ፈረስን በቁጥር ማወቁ ቢከብደው አይገርመኝም።

የወንድሜ እውቀት ግን ከእሱ ጭንቅላት አይወጣም። ፈረሷ ሦስት ገበያ ተሻግራ ብትሸጥ እዚያ የሚመሰክርላት የለም። ከሁለት ሚሊዮን በላይ ፈረስ ባለበት አገር ሁሉም ፓስፖርት ይያዝ የምል ሞኝ አይደለሁም። የምለው ከክትባቱ እንጀምር ነው። የአፍሪካ የፈረስ በሽታ የሚባለው፣ በዐይን የማትሞላ ተናካሽ ዝንብ የምታስተላልፈው ቫይረስ፣ ካልተከተቡ ፈረሶች በከፋ ጊዜ ከአሥሩ ዘጠኙን ሊገድል ይችላል። ክትባቱን ቢሾፍቱ ያለው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ያመርታል። ክትባቱ አለ፤ የተከተበውን ካልተከተበው የሚለይ፣ ከፈረሱ ጋር የሚሄድ አንዲት ቀላል ደብተር ቢኖር ለጋሪ ፈረስ ባለቤት ምን ያህል ይጠቅመው ነበር።

የአገራችን ፈረስ በዚሁ በሽታ ምክንያት ወደ አውሮፓ አይገባም፣ ፓስፖርት ቢኖረውም። እ.ኤ.አ. በ1987 ከናሚቢያ ማድሪድ አጠገብ ወዳለ የዱር እንስሳት መዝናኛ የመጡ የሜዳ አህዮች በሽታውን ይዘው ገቡ። የሜዳ አህያ ቫይረሱን ተሸክሞ ደህና መስሎ ይዞራል፤ የስፔን ፈረሶች ግን አለቁ፣ ወረርሽኙም ለመጥፋት ዓመታት ፈጅቶ ወደ ፖርቱጋልና ወደ ሞሮኮ ተሻገረ። ስለዚህ አውሮፓውያን ከየት መጣህ ሲሉ ፈረሱን መናቃቸው አይደለም። በዓለም አቀፉ የአገሮች ዝርዝር የኢትዮጵያ ቁጥር 231 ነው። በ231 የሚጀምር የዕድሜ ልክ ቁጥር በእጄ ገብቶ አያውቅም።

አህዮቻችንን ሳስብ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ያሳስበኛል። ለቆዳቸው ሲባል በየአገሩ አህያ እየተሰረቀ ይታረድ ነበር። የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች የካቲት 2024 አዲስ አበባ ላይ አህያን ለቆዳ ማረድን አግደዋል። መልካም ነው። ግን የተገፈፈ ቆዳ ባለቤቱን አይናገርም። ቺፕ ያላት አህያ ደግሞ ገና በእግሯ ሳለች መንገድ ላይ ትያዛለች።

ወንድሜ እስከ መጨረሻው ሰማኝና፣ «እሺ፣ ደብተሩስ ይሁን። ግን አንድ ጊዜ ከተቆጠረ በኋላ ግብር ይመጣበታል። መንግሥት የማይቀረጥ ነገር ቆጥሮ ያውቃል?» አለኝ። ልከራከረው ፈለግኩ። ጀርመን ውስጥ ግብር የሚከፈልበት ውሻ ነው፣ ፈረስ አይደለም ብዬ ጀመርኩ። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለኝና መደበቁ አስጠላኝ። ሄሰን ክፍለ ግዛት ውስጥ ባድ ሶደን አለንዶርፍ የምትባል ትንሽ ከተማ በ2012 ማብቂያ ላይ በየፈረሱ በዓመት 200 ዩሮ ግብር ጣለች። ፈረሰኞቹ ተሰለፉ፣ ከሰሱ፤ የክፍለ ግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ግን በ2014 ለከተማዋ ፈረደ።

«አላልኩሽም?» አለ ወንድሜ፣ ሳቁ ስልኩን ሞላው። «መጀመሪያ ከግብሩ ያስጥሉን፣ ከዚያ አንገቱን ይውጉት።»